የድልድዩ ቡሽ

ድልድዩ ግማሽ ጎኑ ለጥገና በታጠረ ሰሞን እኔ በፈቃዴ ሥራ ጨመርኩ። ደመወዝ የሌለው፣ ማንም ያልቀጠረኝ ሥራ ነው። ከሰፈራችን ወደ መሀል ከተማ የሚወርደው መንገድ በእኛ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ አለው፤ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ግን በአጥሩ ምክንያት አንድ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሰው ለሁለት ይከፈል ነበር። ገሚሱ ገና ከነዳጅ ማደያው ጀምሮ በግራው ረድፍ ተሰልፎ፣ እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበ ተራውን ይጠብቃል። ገሚሱ ደግሞ ባዶውን የቀኝ ረድፍ ይዞ ሽው ብሎ እስከ ድልድዩ አፍ ይወርድና፣ እዚያ አፍንጫውን በሰው መሀል ይሰነቅራል። እኔ ከተሰላፊዎቹ ወገን ነበርኩ። ከተሰላፊዎቹም ቀንደኛው።

በሙያዬ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ። ሌላው የጻፈውን አነብና ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ አወጣለሁ። ይህ ሥራ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ባለቤቴን መጠየቅ ነው። ምግብ ቤት ስንገባ የምግቡን ዝርዝር ከማዘዜ በፊት አርማለሁ። ልጃችን ከሌላ ከተማ በስልክ የምትልክልኝን የሰላምታ መልእክት አርሜ እልክላታለሁ፤ አሁን አሁን ድምፅ ብቻ ነው የምትልክልኝ። መንገዱንም በዚያው ዓይን ነበር የማየው። በቀኙ ረድፍ የሚወርድ መኪና ሁሉ ከቦታው የወጣ ፊደል ሆኖ ይታየኝና እጄን ይበላኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ፊቴን ማጨማደድ ብቻ ነበር ሥራዬ። ቀጥሎ ከፊቴ ያለውን መኪና ተጠግቼ፣ ወረቀት እንኳ በመሀላችን እንዳያልፍ አድርጌ መንዳት ጀመርኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ማን እንደመከረኝ አላውቅም፣ መሪዬን ትንሽ ወደ ቀኝ ጠምዘዝ አድርጌ ነጩን መስመር በሁለቱ ጎማዎቼ መሀል አደረግሁት። መኪናዬ ትንሽ ናት፤ ዕድሜዋም የገፋ ነው። ግን መስመሩን ስትቆናጠጥ በግራም በቀኝም የሚያሳልፍ ቦታ አይቀርም። ከኋላዬ ክላክሱ ሲቀልጥ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዕድሜ ልኬን የሰው ነጠላ ሰረዝ ሳስተካክል ኖሬ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ መንገድ ያረምኩ መሰለኝ።

ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። የቀን ተረኛ በሆነች ጊዜ አብረን ነው የምንወርደው። እሷ ለነገሩ ብዙም ግድ አልነበራትም፤ አንገቷን መቀመጫው ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ትከድናለች። አንድ ጠዋት ግን ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ያ ረድፍ ባዶ የሆነው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ሰው ሥርዓት ስላለው ነዋ» አልኳት።

«እና መንገዱን የሠሩት ሰዎች፣ ሥርዓታችን እንዲታይበት ነው ሌላውን ረድፍ ያስቀመጡልን?»

ስለ ሰልፍ፣ ስለ ተራ፣ ስለ ሰው ልጅ መከባበር እስከ ድልድዩ ድረስ አስረዳኋት። ድልድዩን ስንሻገር ዞር ብዬ ባያት እንቅልፍ ወስዷታል። ምጥ የለመደ ጆሮ በእኔ ድምፅ አይነቃም።

ከቀኝ ረድፈኞቹ ሁሉ አንጀቴን የሚያሳርረኝ የዳቦ ማከፋፈያው መኪና ነበር። ነጭ ነው፤ ጎኑ ላይ የተቆረሰ ዳቦ ተስሎበታል። ሹፌሩ ቦርጫም፣ ጉንጨ ሙሉ ወጣት ነው፤ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ባዶውን ረድፍ እንደ አባቱ ግቢ ይወርድበታል። በአጠገቤ ሲያልፍ ደግሞ ሁልጊዜ እጁን ያወዛውዝልኛል። ይኼ የእጅ ማወዛወዝ ነበር ዕረፍት የነሳኝ። የሚሳደብ ሰው ቢያንስ ጥፋቱን ያውቀዋል፤ እየሳቀ የሚያልፍህን ሰው ምን ትለዋለህ? ማታ ማታ እራት እየበላሁ ለእሱ የምነግረውን ንግግር በልቤ አዘጋጅ ነበር። ቀን በቀን አሳጥረው፣ አሻሽለው፣ ደካማ ቃል አወጣለት ነበር። በኋላማ ለኅትመት ዝግጁ ነበር ማለት ይቻላል።

ብቻዬንም አልነበርኩም። አንዲት ቢጫ መኪና ያለው መነጽራም ሰውዬ የእኔን አይቶ መስመር መቆናጠጥ ጀምሮ ነበር። ተዋውቀን አናውቅም። ግን ጠዋት ስንተያይ፣ ድንበር ላይ ዘብ እንደሚጠብቁ ሁለት ወታደሮች ጭንቅላታችንን ዝቅ አድርገን ሰላምታ እንለዋወጣለን። ደቀ መዝሙር ማፍራቴን ለባለቤቴ ስነግራት፣ ቦርሳዋን ከፍታ የጆሮ መድፈኛ መፈለግ ጀመረች።

የሆነው የሆነው ባለቤቴ በማለዳ ቀድማኝ በወጣችበት ቀን ነው። እንደ ልማዴ መስመሩን ተቆናጥጬ እየተሳብኩ ሳለ፣ በስፖኪዮ ያ የተቆረሰ ዳቦ ብቅ አለ። ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ክላክሱን በጣም በቀስታ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ጠቅ አደረገ። አልተንቀሳቀስኩም። ከፊቴ ያሉት መኪኖች ሄዱ፤ እኔ ግን ጊዜው ዛሬ ነው ብዬ ሞተሩን እንኳ ሳላጠፋ ወረድኩ።

እሱም ወረደ። ምን እንደሆንኩ፣ መኪናዬ ተበላሽታ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀኝ እጄን የመኪናዬ በር መቃን ላይ አሳርፌ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ንግግሬን ጀመርኩ። እውነት ለመናገር መግቢያው አሪፍ ነበር። ሰልፍ ማለት ሰው ሰውን እንደ ሰው የሚቆጥርበት የመጀመሪያው ቦታ እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ ለቃሉ ክብደት ልሰጠው ፈልጌ በግራ እጄ በሩን ከኋላዬ ድርግም አደረግሁት።

ቀኝ እጄን እዚያው ረስቼው ነበር።

አልጮህኩም። ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ማቋረጥ አልወድም፤ «ስለዚህም» ብዬ እስከ ግሱ ድረስ ሄድኩ። ድምፄ ግን እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ግሱ ላይ ሲደርስ የሕፃን ልጅ ድምፅ ሆነ።

«ጋሼ፣ እጅዎ በሩ ውስጥ ነው» አለኝ ልጁ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

በግራ እጄ መክፈቻውን ሳብኩ። አልከፈትም አለ። ያች መኪናዬ፣ በሯ በኃይል ሲዘጋ ቁልፉ በራሱ የሚወርድ አመል ነበራት፤ የመኪናው ቁልፍ ደግሞ ውስጥ ማስነሻው ላይ እንደተሰካ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የመንገዱ ጠባቂ መንገዱ መሀል ከገዛ መኪናው ጋር ተጣብቆ ቆሟል። ግራው ተዘግቷል፤ ቀኙ ተዘግቷል። ያን ቀን እንደ እኔ አድርጎ ያንን መንገድ የዘጋው ሰው የለም።

ዳቦ አከፋፋዩ ዞሮ የወዲያኛውን በር ሞከረው፤ እግዜር ይስጠው እሱ አልተቆለፈም ነበር። በዚያ ገብቶ በመቀመጫዎቹ ላይ በደረቱ እየተሳበ ወደ እኔ መጣ። መኪናዬ ለእንደዚያ ዓይነት ቦርጭ አልተሠራችም። ካምቢዮው ሆዱን ያዘው፤ እሱን ሲያስለቅቅ ትከሻው ክላክሱ ላይ ተኛ። የእኔ ክላክስ ያን ያህል ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ከኋላችን ያለው ሰው ሁሉ ይመልስለት ጀመር። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ስልኳን ስትደግንብኝ አየሁ። ፊቴን ላዞር ብል፣ እጄ ተይዟል፤ ወዴት ልዙር? ከሕመሙ በላይ ያ ነበር የጠበሰኝ።

በሩ ተከፈተ። ልጁ ደግፎ አስቀመጠኝ፤ መኪናዬን ጥግ አስይዞ ቆለፈና ቁልፉን ኪሴ ከተተልኝ። ከዚያ እጄን ዳቦ በሚሸፍንበት ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ጋቢናው ውስጥ ከሱ አጠገብ አስገባኝ። ውስጡ ትኩስ ዳቦ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። ባለቤቴ የምትሠራበትን ሆስፒታል ነገርኩት። ሳይጠይቀኝ ሳይነግረኝ ባዶውን የቀኝ ረድፍ ይዞ ወረደ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በዚያ ረድፍ የሄድኩት። ጣቶቼ እንደ እሳት እየነደዱ እንኳ መንገዱ እንዴት እንደሚመች ልብ አልኩ። በግራችን የተሰለፉት ሰዎች አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ ፊታቸው ሁሉ የተቆጣ፣ ሁሉም አንገቱን ወደፊት ያሰገገ። ልጁ ለሁሉም እጁን ያወዛውዝላቸዋል። ለምን እንደሚያደርገው ጠየቅሁት።

«እንዲያው ጠዋት ጠዋት ሁላችሁም የተቀየማችሁ ትመስሉኛላችሁ» አለኝ። «በተለይ እርስዎ። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ያለብዎት ነበር የሚመስለኝ። ምናልባት ደስ ቢልዎት ብዬ ነው።»

እዚህ መንገድ ላይ ያውቀኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱ ብቻ ሳይሆን በዚህ በኩል የሚወርድ ሹፌር ሁሉ እንደሚያውቀኝ፣ ስምም እንዳወጣልኝ ነገረኝ። ሰው ሞኝ ነው፤ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆኜ ልቤ ትንሽ ሞቅ አለው። «ሕግ አክባሪው» ወይም ቢበዛ «ኮስታራው» የሚል ነገር ነበር የጠበቅሁት።

«ቡሽ ነው የምንልዎት» አለኝ። «የጠርሙስ ቡሽ። በክፋት አይደለም ጋሼ።»

ድልድዩ አፍ ልንደርስ ስንል መኪናው ቆመ። ቀና ብል ከፊታችን ቢጫዋ መኪና መስመሩን ተቆናጥጣለች። ደቀ መዝሙሬ! አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ተጣራሁ፤ በጨርቅ የተጠቀለለውን እጄን አሳየሁት። እሱ ግን ወይ ፍንክች፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ወደፊት ብቻ ያያል። በጎን መስታወቱ ፊቱ ይታየኛል። ያንን ፊት ከውስጥ በኩል በደንብ አውቀዋለሁ፤ በውጭ በኩል ግን አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ በልቤ ቆፍጣና ዳኛ የምመስል ይመስለኝ ነበር። ለካ ሆዱን የነፋው ሰው ነው የምመስለው።

ከእሱ ላይ ዓይኔን ሳነሳ ነው ሰሌዳውን ያየሁት። በቀኝ በኩል በሁለት ብረት ላይ የቆመ፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ቢጫ ሰሌዳ ነው። እኔ ሁልጊዜ በግራ ስለምወርድና ዓይኔም ከስፖኪዮ ስለማይነቀል አይቼው አላውቅም። እንዲህ ይላል፦ «በድልድዩ ጥገና ሥራ ምክንያት ሁለቱንም ረድፍ እስከ መጨረሻው ይጠቀሙ። መግቢያው ላይ አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ፣ ተራ በተራ ይግቡ።»

አንብቤ ስጨርስ መልሼ ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሰሌዳውን የማውቀው ስለመሰለኝ አይደለም፤ ስለማውቀው ነው። የታተመው እኛ ማተሚያ ቤት ነው። ያረምኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉ ሲመጣ «ሥራ» በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ ነበር፤ በንጉሡ «ሠ» ይሁን ብዬ ከሥዕል ክፍሉ ኃላፊ ጋር እስከ ምሳ ሰዓት ተከራክሬ ያሸነፍኩበት ሰሌዳ ነው። ባሸነፍኩበት ቀን ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉ አውርቼላታለሁ። እያንዳንዱን ፊደል መርምሬዋለሁ። ምን እንደሚል ግን አላነበብኩትም።

ያረምኩት እኔ መሆኔን ለልጁ አልነገርኩትም። ይልቅ ሰሌዳውን አንብቦት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ እንዳላነበበው፣ ባዶ መንገድ ሲያይ ዝም ብሎ እንደሚሄድ ነገረኝ። ቢጫዋ መኪና አጥሩ ጋ ደርሳ የግድ ስትገባ፣ ከግራ በኩል አንድ አውቶቡስ አለፈ፤ ቀጥሎ ያለው ሰው ቆም አለልንና እኛ ገባን።

ሆስፒታሉ በር ላይ ባለቤቴን አስጠሩልኝ። ሽርጧን እንደታጠቀች እየሮጠች መጣች። ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ «በር ዘጋብኝ» አልኩ፤ በሩ በራሱ ፈቃድ ያደረገው አስመስዬ። ልጁ ግን የዋህ ነው፤ ከንግግሬ ጀምሮ ካምቢዮው ሆዱን እስከያዘበት ድረስ አንድም ሳያስቀር ተረከላት። ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ራጁ መጥቶ ሁለት ጣቶቼ መሰበራቸውን ስታይ ነው ሳቋ የቆመው። ጄሶው እስኪደርቅ ድረስ ግራ እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ስለ መንገድ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

መንዳት ስላልቻልኩ ከዚያ በኋላ የምትነዳው እሷ ሆነች። በመጀመሪያው ጠዋት ከነዳጅ ማደያው ስንደርስ፣ ፍሬቻ አብርታ ወደ ቀኙ ረድፍ ገባች። ሰሌዳውን ከተተከለ ጀምሮ ታውቀው ኖሯል፤ ብቻዋን ስትነዳ ሁሌም በዚያ ነው የምትወርደው። ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት፣ ነግራኝ እንደነበርና በነገረችኝ ቀን ስለ ነጠላ ሰረዝ እንዳወራሁላት ነገረችኝ። እኔ መቀመጫዬን ወደኋላ ለጥጬ አንገቴን ሸሽጌ ተኛሁ። ምን ያደርጋል፤ ጄሶ የታሰረው እጄ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት ተብሏልና፣ እኔ ተደብቄ እጄ ብቻ በመስኮት በኩል እንደ ባንዲራ ይታያል። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ «ቡሽ ተነቀለ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁት። ባለቤቴ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልሰማሁም አልኳት።

ሰንበትበት ብሎ አንድ ጠዋት ቢጫዋ መኪና ዘጋችን። ባለቤቴ ሰዓቷን አየች። እኔ ይህን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የምፈታውም እኔ ነኝ ብዬ ወረድኩ፤ ስወርድ በሩን ክፍት አድርጌ ተውኩት። መነጽራሙ ሰውዬ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ከቅርብ ሳየው የዋህ ፊት አለው፤ የኋላ መቀመጫው የተማሪዎች ፈተና የሚመስል ወረቀት ተከምሮበታል። ከጠፋሁበት ቀን ጀምሮ እንደፈለገኝ፣ የታመምኩ መስሎት እንደነበረ ነገረኝ። ከዚያ የወረድኩበትን መኪና አየ፤ የቆመበትንም ረድፍ አየ።

«እርስዎም?» አለኝ።

ሁለታችንም ተሳስተን እንደነበር ልነግረው ሞከርኩ። ሰሌዳ እንዳለ፣ ሁለቱንም ረድፍ ተጠቀሙ እንደሚል፣ ከፈለገም በቃሌ ልወጣለት እንደምችል ነገርኩት።

«ሰሌዳውን አንብቤዋለሁ» አለኝ ረጋ ብሎ። «አልስማማበትም።»

እኔ እንኳ ሳላነበው ነው የተቃወምኩት፤ እሱ አንብቦ ነው። በዚህ ዓይነት ከእኔ ይበልጣል። እዚያው እንደቆምኩ ባለቤቴ ከመኪናው ወርዳ መጣች፤ ነጭ ሽርጧን ለብሳለች። ጎንበስ ብላ በመስኮቱ አየችው።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ» አለችው። «ምጥ ላይ ያለች ሴት እየጠበቀችኝ ነው።»

ሰውዬው መነጽሩን አስተካከለ። ፍሬቻ አብርቶ፣ ልክ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ በጥንቃቄ ወደ ግራ ተጠጋ። እንደውም እጁን ዘርግቶ «እለፉ» አለን። ስናልፍ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ፤ ለእኔ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም፤ እኔ ግን መለስኩለት።

ድልድዩን ስንሻገር፣ የምትጠብቃት ሴት በእርግጥ መኖሯን ጠየቅኋት።

«ሁልጊዜ አለች» አለችኝ።

ጄሶው ከተፈታ በኋላም ጣቶቼ ትንሽ ጠመም ብለው ቀሩ፤ እስክሪብቶ ስይዝ አንዱ ጣቴ ወደ ጎን ያመለክታል። መሪ መጨበጥ ግን አያቅተኝም። ሐኪሙ የፈቀደልኝ ዕለት ጠዋት ባለቤቴን ከጎኔ አድርጌ ወጣሁ። በቀኙ ረድፍ ልውረድ ብል አልደፈርኩም፤ እግሬ እምቢ አለኝ። በግራው ተሰለፍኩ። ድልድዩ አፍ ላይ ስደርስ ግን ቆም ብዬ ከቀኝ የመጣውን አስገባሁ። ሰውየው እጁን አውጥቶ አመሰገነኝ። ምስጋናው ሞቀኝ። ቀጥሎ የመጣችውንም ሴት አስገባኋት፤ እሷም ፈገግ አለችልኝ። ሦስተኛው የጭነት መኪና ነበር፤ ያን ያህል ነገር ጭኖ እንዴት ይጠብቃል? ከኋላው የተማሪዎች አውቶቡስ መጣ፤ ልጆች የሞሉበትን መኪና የሚከለክል ምን ዓይነት ሰው ነው? ሁሉም እጁን ያወዛውዝልኛል፤ እኔም አወዛውዛለሁ። ዓይኔ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው።

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ግን ክላክሱን ያቀልጠው ጀምሯል።

ባለቤቴ ዓይኗን ገለጠች። ፊታችን ያለውን ባዶ መንገድ አየች፤ በስፖኪዮ ከኋላ ያለውን ሰልፍ አየች፤ ከዚያ እኔን።

«አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ ነው የሚለው» አለችኝ። «አንድ። በል ሂድ አሁን፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ናት፤ ወደ አንደኛ መልሳት።»

መለስኳትና ሄድን። ያን ቀን ሁለታችንም ሥራ የገባነው አርፍደን ነው።